ከሠራዊት ተሰናበትኩ፤ አገሬን በመኪና ልዞር አስቤያለሁ፤ መንገድ የምታውቁ እርዱኝ

የካዛንቺሱ | ጥቅምት 12፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

12 ዓመት በመከላከያ አገልግዬ ባለፈው ወር ተሰናብቻለሁ። ክሊራንሴን ጨርሼ፣ ወረቀቴን ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። ቤቴ የምለው አራት ኪሎ አክስቴ ጋር ነው። ያደግኩበትን የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ ነው ያገኘሁት። እናቴም ከጎረቤቶቿ ጋር ከከተማው ዳር ገብታለች።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያለ ደወል እነቃለሁ። አክስቴን እንዳልረብሻት ጫማዬን በእጄ ይዤ እወጣለሁ። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ወደ ፒያሳ አቀናለሁ። ጊዮርጊስ ጋ ስደርስ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት እቆማለሁ። የአገራችን መንገዶች ርቀት የሚቆጠረው ከዚያ ነው፤ ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚሉት። ልጅ ሆኜ ስሰማው ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን በየቀኑ እዚያ እየቆምኩ "ከዚህ ተነስቼ ልሂድ" እላለሁ።

አገሬን አውቃታለሁ? ብዙ ቦታ ረግጫለሁ። ግን አብዛኛውን ያየሁት ከኦራል ሸራ ሥር ሆኜ ነው። ሌሊት እንጫናለን፣ ሌሊት እንወርዳለን። ብዙ ከተማ የማውቀው በጠረኑ ነው። ዳቦ ቤት ሲሸተኝ ከተማ እንደገባን አውቃለሁ፣ እርጥብ አፈር ሲሸተኝ እንደወጣን።

ዘብ ቆመን ሌሊቱን የምንገፋው ስለየአገራችን እያወራን ነበር። የበቆጂው ልጅ፣ የባሌው፣ የጨንቻው፣ የኮንሶው፣ የቦንጋው፣ የወሎ ሐይቅ ከተማው። የእያንዳንዳቸው ቤት የት ጋ እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ የእናታቸውን ስም ሁሉ አውቃለሁ። የአንዳቸውንም ደጃፍ ግን ረግጬ አላውቅም።

እና ያሰብኩት ይህን ነው። ከፒያሳ ተነስቼ በአዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ ዶዶላ አድርጌ ሮቤና ጎባ። ሳነቴን አቋርጬ ደሎ መና። ከዚያ ተመልሼ በሻሸመኔ ወደ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ጨንቻ፣ ኮንሶ። ከኮንሶ ወደ ሶዶ ተመልሼ በጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ በወልቂጤ ወደ ቤት። ስደምረው 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ለዚህ ከስንብት ብሬ 60 ሺህ ለይቻለሁ።

መኪናዋ የአጎቴ ዲኤክስ ነች። ቤንዚን ነች፣ ሞተሯ ደህና ነው። ሠራዊት ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ፒክአፕ ነድቻለሁ፤ መንጃ ፈቃዴም የታደሰ ነው። ግን ለብቻዬ፣ በራሴ ሰዓት፣ ማንም "ተነስ" ሳይለኝ ሄጄ አላውቅም።

ዲኤክስ ይህን መንገድ ትችላለች? ስንት ቀን ልመድብ? የሐይቁን ልጅ ቤተሰብስ እንዴት ልድረሳቸው?

ሰብሊ_ዘፒያሳ | ጥቅምት 12፣ ማታ 3፡52

እንኳን በሰላም ለቤትህ አበቃህ ወንድሜ። መጀመሪያ ይህን ልበልህ።

ቀጥሎ የምናገረው ደስ ላይልህ ይችላል። የስንብት ብር አንዴ ነው የሚገባው። የእኔ ወንድም ከአንተ በፊት ተሰናብቶ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ብሩ በግብዣና በብድር አለቀ። እሱ ላይ አልፈርድበትም፤ 12 ዓመት ተከልክሎ የኖረ ሰው አንዴ እጁ ሲፈታ ምን ያደርጋል። ግን ከመሄድህ በፊት የቀረውን ብር በቀላሉ የማታወጣበት ቦታ አስቀምጠው። የጊዜ ገደብ ቁጠባ ይሁን፣ በእናትህ ስም ይሁን፣ አንተ ታውቃለህ። መንገድ ላይ ሆነህ ስልክህን ከፍተህ የምታዝዘው ብር 60 ሺሁ ብቻ ይሁን።

ነዳጁን አስበኸዋል? ዲኤክስ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ሄደች ብትል 210 ሊትር ነው። ዳገቱን ጨምርና 240 በል። ክፍያው በቴሌብር ነው። ገጠር ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ማደያው ቆሞ ይጠብቃል፣ አንተም ትጠብቃለህ። ስለዚህ ታንከርህ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሙላ። "ቀጣዩ ከተማ ላይ እሞላለሁ" አትበል።

ጎሚስታው | ጥቅምት 12፣ ማታ 4፡20

ዲኤክስ ትችላለች። እኔ ስንቷን ጠግኛለሁ። ጥሩነቷ ኮምፒውተር የላትም፤ የትኛውም ገጠር ያለ መካኒክ በጆሮው ሰምቶ ችግሯን ያውቃል።

ሳትወጣ ግን ፍሬን ሸራዋን አስፈትተህ እይ። "ገና ነው" ቢሉህም አስፈታ። የፍሬን ዘይቱን ቀይር። የራዲያተር ቱቦዎቹን ጨምቀህ ከተሰነጠቁ ጣል። ሁለት ቺንጊያ (የሞተሯ ቀበቶ)፣ አንድ ሙሉ ስብስብ ካንዴላ፣ አራት ሊትር ሞቢል ያዝ። ሶማሌ ተራ ሁሉም አለ። አዲስ ቺንጊያ ግን ግዛ፤ ያገለገለ ቺንጊያ እንዳትወስድ። ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማህ ራሱ ነፋስ እንዳለው አረጋግጥ። ብዙ ሰው ስኮርታው የተነፈሰ መሆኑን የሚያውቀው ጎማ ሲፈነዳበት ነው። ክሪኩን ግቢ ውስጥ አንዴ ሞክረው። ከክሪኩ ሥር የምታደርጋት ጠፍጣፋ ሳንቃም ያዝ፤ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል።

ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን መድኗ ጊዜው አላለፈም አይደል?

የካዛንቺሱ | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 12፡30

እህቴ ሰብሊ፣ ያልሽው ልክ ነው። ዛሬውኑ ባንክ እሄዳለሁ።

ጎሚስታው ወንድሜ፣ ቦሎው ደህና ነው፣ መድኑ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሳድሰዋለሁ። ፍሬኑን ቅዳሜ አስፈታለሁ።

መሪ_ጨባጭ | ጥቅምት 13፣ ቀን 8፡05

ልጄ፣ እኔ ከ30 ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎ ተቀምጫለሁ። ጽሑፍህን ልጄ አነበበችልኝ። የምነግርህን እሷ ትጽፍልሃለች።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነስ፣ 11 ሰዓት ላይ ቁም። ከዚህ ወዲያ አትቀልድ። ወታደር ሌሊት መሄድ ለምዷል፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። አንተ የሄድከው በአጀብ ነው። ብቻህን ስትሆን ሌሊቱ ሌላ ነው። መብራት የሌለው ጋሪ አለ። መንገድ መሃል የተኛ ከብት አለ። የተበላሸ ሲኖ ያለ ምልክት ቆሞ ታገኛለህ። ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ መኪናው ሲሠራለት ድንጋዩን ትቶ ይሄዳል። ያ ድንጋይ ስንት ሰው ጨርሷል። ቀን ስትሄድ ደግሞ አስፋልት ላይ የተበተነ ቅጠል ካየህ ፍጥነትህን ወዲያው ቀንስ። ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። ቅጠሉን የጣለው ላንተ ብሎ ነው።

ቁልቁለት በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በሁለተኛ ከወጣኸው በሁለተኛ ውረደው። ፍሬን ላይ እግርህን ተክለህ አትውረድ። ፍሬኑ ይግልና ይከዳሃል። ቢሸትህ ዳር ይዘህ ቁም፣ ውሃ አታፍስበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

የአዳማው የክፍያ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከብት የለም፣ ሰው የለም፣ ቀጥ ያለ ነው። እንቅልፍ የሚወስደው እዚያ ነው። መስኮትህን ከፈት አድርግ።

ቀኑን በተመለከተ ከ18 ቀን አታሳንስ። በየቤቱ አንድ ቀን አድረህ ውጣ ቢሉህ ይከፋቸዋል። ሁለት ሁለት ቀን መድብ። የምትሄደው ሰው ቤት እንጂ ሆቴል አይደለም።

እንግዳ_44 | ጥቅምት 13፣ ማታ 1፡15

አርባ ምንጭ ደርሶ ከዚያ ወደ ሶዶ መመለስ ይበቃል። ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር ሄደህ ያንኑ 90 መመለስ ነው። በአሮጌ መኪና ምን ያደክምሃል? ሐይቁን ጫሞን ዓባያን እይ፣ ጨንቻ ውጣ፣ ተመለስ።

የባሌ_ልጅ | ጥቅምት 13፣ ማታ 2፡40

ስለ ሳነቴ ልንገርህ፣ የተወለድኩት ጎባ ነው።

ከጎባ ስትወጣ መንገዱ ወዲያው ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ትደርሳለህ። ቱሉ ዲምቱ ራሱ 4,377 ሜትር ነው፣ በአገራችን ከራስ ዳሸን ቀጥሎ ከሚጠቀሱት ከፍታዎች አንዱ። እዚያ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ያንተ መኪና ካርቡሬተር ነች። አየሩ ሲያንስባት ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ታፍናለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። አትበላሽም ግን ጉልበት አይኖራትም። የከበደው ደግሞ መውጣቱ አይደለም። ከሜዳው ጫፍ ወደ ሪራ የሚወርደው ኮረኮንች ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ገደል ነው፣ ዝናብ ካለ ጭቃ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ዲኤክስህን ጎባ ከሰው ግቢ አቁማት። በጠዋት በቅጥቅጥ ወይም በአካባቢ መኪና ደሎ መና ውረድ። መስኮት ዳር ተቀመጥ። ቀይ ቀበሮ የምታየው በማለዳ ነው፤ ፍልፈል እያደነች ብቻዋን ትሄዳለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ አብዛኞቹ ያሉትም እኛ ጋ ነው። ጅብራ የሚባለው ተክል ከሰው በላይ ቆሞ ጉም ውስጥ ስታየው ሰው የቆመ ይመስልሃል። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብርዱ ይቀርና ሐረና ጫካ ትገባለህ። ዛፉ ሽበት አለው፣ ከቅርንጫፉ ቀፎ ተሰቅሏል። ጓደኛህ ስለ ማር ካወራህ አልዋሸህም።

ባሌ ተራሮች በ2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኔ አዲስ አበባ ለገሃር ታክሲ ተራ ቆሜ ነበር የሰማሁት። ሰልፍ ላይ ሆኜ አለቀስኩ።

በኅዳር ሂድ። ዝናቡ ያልፋል። ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋልና ጃኬት ያዝ።

ሻለቃ_በጡረታ | ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡00

ወንድሜ፣ እንኳን በክብር ተሰናበትክ።

የሠራዊት ቀለም ያለው ነገር ይዘህ አትውጣ። ቦርሳ ቢሆን፣ ኮፍያ ቢሆን፣ ቀበቶ ቢሆን። 12 ዓመት የለበስከውን መተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም ከስክሴን አልጋዬ ሥር ሁለት ዓመት አስቀምጬ ነበር። ግን ኬላ ላይ ለሚፈትሽህ ልጅ አንተ የማይታወቅ ሰው ነህ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሲቪል ሲያይ ምን እንደሚያስብ አንተም ኬላ ቆመህ ታውቀዋለህ። የስንብት ወረቀትህን ኮፒ አድርገህ ዋናውን እቤት ተው። መታወቂያህን፣ መንጃ ፈቃድህን፣ ሊብሬውን አንድ ላይ በእጅህ አቅራቢያ አድርግ። መኪናዋ የአጎትህ ስለሆነች የውክልና ወረቀት አስይዘህ ሂድ። ያለ ውክልና የሰው መኪና ይዘህ አገር ማቋረጥ ጥያቄ ያስነሳል።

ኬላ ስትደርስ ቀስ በል፣ መስኮት አውርድ፣ እጅህ መሪ ላይ ይታይ፣ ቀድመህ ሰላም በል። "እኔም ሠራዊት ነበርኩ" ብለህ አትጀምር። ከተጠየቅክ መልስ።

የደሴዋ | ጥቅምት 14፣ ቀን 6፡30

ስለ ሐይቁ ጓደኛህ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አገሬ ነው።

በመኪና አሁን አትሂድ። ይህን ስጽፍ እያመመኝ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ዋሻ፣ በደብረ ሲና ወርዶ በሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ የሚገባውን መንገድ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። ከብርድ ወደ ሙቀት በአንድ ሰዓት የምትወርድበት መንገድ ነው። ግን መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። አንተ ደግሞ የስንብት ወረቀት በኪስህ ያለ ሰው ነህ። እኛ ራሳችን እናታችንን የምንጠይቀው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነው። አንተም ከሌላው መንገድ ስትመለስ እንዲሁ አድርግ። እስከዚያው ደውልላቸው። ድምፅህን ይስሙ።

የካዛንቺሱ | ጥቅምት 14፣ ማታ 4፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መሪ ጨባጭ፣ ምክርዎን ጽፌ መኪናዋ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሻለቃ፣ የያዝኳት አንዲት ቦርሳ ነበረች፤ ለአክስቴ ልጅ የድንች መያዣ ሰጥቻታለሁ። ውክልናውን ነገ እናስጽፋለን። የደሴዋ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ዛሬ ደወልኩላቸው። አባቱ "ሐይቁ አይሄድም፣ ቀስ ብለህ ና" አሉኝ።

እንግዳ 44 ስለ ኮንሶ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ያልጻፍኩት ሊጻፍ ስለከበደኝ ነው።

የኮንሶው ልጅ በሕይወት የለም። አራት ዓመት ሆነው። ከአጠገቤ ነበር። እኔ ለቅሶ አልደረስኩም። ያኔ ፍቃድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሲገኝ ደግሞ ፈራሁ። እናቱ ስልክ የላቸውም። እሱ ስለ እናቱ ሲያወራ "ከእርከኑ ላይ ሆነው ስሜን ከጠሩ ሸለቆው ሁሉ ይሰማል" ይል ነበር። በቆጂም፣ ባሌም፣ ጨንቻም፣ ቦንጋም እወዳቸዋለሁ፣ እሄዳለሁ። የተነሳሁት ግን ለኮንሶ ነው። መንገዱን ሁሉ ያረዘምኩት ድፍረት እንዲሆነኝ ይመስለኛል።

አራት ዓመት ቆይቶ ለቅሶ ይደረሳል? ምን ይዤ ልሂድ? ማንን ላስቀድም? ካርታ አልቸገረኝም። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

እንግዳ_44 | ጥቅምት 14፣ ማታ 5፡02

ይቅርታ ወንድሜ። አላወቅኩም። ሂድ።

የካራት_ልጅ | ጥቅምት 15፣ ጠዋት 1፡20

ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ። ኮንሶ ነኝ። ካራት ከተማ ተወልጄ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው።

ይደረሳል። ዓመቱ ምንም አይደለም። ልጇ የሞተባት እናት "ዘገየህ" አትልህም፤ "መጣህ" ነው የምትልህ። ግን በድንገት ደጇ ላይ አትቁም። አንድ የማታውቀው ጎልማሳ ከአዲስ አበባ መጥቶ በር ላይ ሲቆም ያ ቀን እንደ አዲስ ይመጣባታል። የመጀመሪያውን መርዶም ያመጣው እንግዳ ሰው ነበር።

የመንደሩን ስም በውስጥ ላክልኝ። አጎቴ ካራት ነው ያለው፣ ሽማግሌ ነው። ቀድሞ ሄዶ ይነግራቸዋል። አንተ ካራት እደር፣ ጠዋት ከእሱ ጋር ትሄዳለህ። እሷ አማርኛ ብዙም ላትችል ትችላለች፤ እሱ ያስተረጉምልሃል። ቡናና ስኳር ያዝ። ሳሙናም ጥሩ ነው። ብር መስጠት ካሰብክ መጀመሪያ ቀን አትስጥ። ስትወጣ በአጎቴ እጅ ይሁን።

መንደሩ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ነው። መኪናህን ውጭ ታቆምና በእግር ትገባለህ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ የሚመጣውን ሽማግሌ አሳልፍ። እርከኖቹን የዓለም ቅርስ ብለው በ2003 መዝግበዋቸዋል። አባቶቻችን በእጃቸው የደረደሩት ድንጋይ ነው፤ ስትሄድ አትርገጠው፣ በመሃል መንገድ አለ። ኩርኩፋ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ያቀርቡልሃል፣ ብላ። ጨቃ የሚባለውን መጠጥ ቢሰጡህ ባትጠጣም ቅመስ።

አንድ ነገር ልንገርህ። በእኛ ዘንድ በጥንት ጊዜ ጀግና ሲሞት ከእንጨት ምስል ይቀረጽለትና መንገድ ዳር ይቆማል። ዋካ ይባላል። አሁን ብዙም አይሠራም። ግን ሰዎቻችን የሞተ ሰው ምስል ማየት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ፎቶ ካለህ ይዘህ ሂድ።

ሰብሊ_ዘፒያሳ | ጥቅምት 15፣ ጠዋት 2፡10

ፎቶውን በስልክ እንዳታሳያቸው! ስልኩን ይዘህ ትሄዳለህ፣ እሳቸው ምን ይቀርላቸዋል? አሳጥበው። ፎቶ ቤት ሞልቷል። ትልቅ አድርገህ፣ በፍሬም፣ ከፊቱ መስታወት ያለው። መስታወቱ መንገድ ላይ እንዳይሰበር በነጠላ ጠቅልለህ ከልብስህ መሃል አድርገው። ነጠላውንም እዚያው ስጣቸው።

ሸማ_ሠሪ | ጥቅምት 15፣ ቀን 7፡00

ሽሮ ሜዳ ነው የምሸምነው፣ አገሬ ጨንቻ ነው። ነጠላውን ከእኔ ውሰድ። ለእናቲቱ ከእኔም ይሁን። ስትመጣ ደግሞ ለአባቴ የምትይዝልኝ አንዲት ብርድ ልብስ አለች። ጨንቻ ብርድ ነው። አደራ።

የካዛንቺሱ | ኅዳር 8፣ ጠዋት 12፡05

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ፒያሳ ነኝ። መኪናዋ ጊዮርጊስ ጋ ቆማለች። አክስቴ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ ጭናለች። እናቴም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ መጥታ መርቃኛለች። ፎቶውና ነጠላው ከኋላ ወንበር ናቸው። ብርድ ልብሱም አለ። ተነሳሁ።

የካዛንቺሱ | ኅዳር 10፣ ማታ 2፡30

በቆጂ። ጓደኛዬ ራሱ አሁንም በአገልግሎት ላይ ነው፣ ቤተሰቡ ግን እንደ ልጃቸው ነው የተቀበሉኝ። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሩ ማሳው ላይ ነው። ልጁ ሁልጊዜ "እኛ ጋ ጠዋት ከተማው ይሮጣል" ይለን ነበር። አጋንኖ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሕፃናት፣ ሴቶች፣ ወንዶች፣ በባዶ እግር፣ በጫማ፣ በጉሙ መሃል ይሮጣሉ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ የወጡት ከዚህ ነው። ቆሜ አየሁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "አንተስ?" አሉኝ። ሮጥኩ። ያለ ትእዛዝ ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ፣ ከአሰላ በላይ አስፋልት ላይ ቅጠል አየሁ። ቀነስኩ። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር።

መሪ_ጨባጭ | ኅዳር 10፣ ማታ 3፡15

እግዚአብሔር ይመስገን። ሹፌሩን ሰላም አልከው?

የካዛንቺሱ | ኅዳር 10፣ ማታ 3፡20

አዎ። ውሃ ሰጠሁት።

የካዛንቺሱ | ኅዳር 14፣ ማታ 1፡50

ጎባ ተመልሻለሁ። የባሌ ልጅ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ቀይ ቀበሮዋን አየኋት፣ ከመንገዱ 30 ሜትር ብትርቅ ነው። ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ የተሰናበተ ነው፣ ደሎ መና አጠገብ ቀፎ ይሰቅላል። የሰቀለውን ዛፍ ሁሉ እየዞረ አሳየኝ። ማታ ስለ ኮንሶው ልጅ ከእኔ ጋር ብዙ አወራ። ሁለታችንም ስሙን ጮክ ብለን ከጠራን አራት ዓመታችን ነበር። ለእናቱ አንድ ሊትር ማር ጨመረልኝ።

ለአራት ቀን ዝም ብል አትጨነቁ።

የካራት_ልጅ | ኅዳር 19፣ ቀን 5፡00

አጎቴ ደወለ። ደርሷል። ነገ ጠዋት ይሄዳሉ።

የካዛንቺሱ | ኅዳር 21፣ ማታ 3፡40

ትናንት ሄድን።

የካራት ልጅ አጎት ቀድመው ነግረዋቸው ነበር። የመንደሩ ሰው ከግንቡ ውጭ ቆሞ ጠበቀን። እናቱ ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው። ልጁ በፊታቸው ላይ አለ፣ በተለይ ግንባሩ። ጉልበታቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ፎቶውን ከነጠላው ፈትቼ ሰጠኋቸው። መስታወቱ ደህና ነበር። በመዳፋቸው ፊቱን ጠረጉት። ሌሎች ሴቶች ገቡ፣ ለቅሶው ያኔ ተጀመረ። እኔም አለቀስኩ። አራት ዓመት የያዝኩትን ነው።

ሲረጋጋ በአጎትየው በኩል አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። እንዴት እንደሞተ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። መንገድ ላይ ሁሉ ቃሉን ስመርጥ ነው የመጣሁት። የጠየቁኝ "ያን ቀን በልቶ ነበር?" ብለው ነው።

በልቷል አልኳቸው። ጠዋት ኮቾሮ (የሠራዊቱን ደረቅ ብስኩት) በሻይ ነክረን አብረን በላን። ጨው የበዛበት ነው ብሎ ሲስቅ ነበር። ይህን ሲተረጉሙላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጅ ሆኖም ጨው አይወድም ነበር" አሉ።

ሌሊቱንም እዚያው አደርኩ። ዛሬ ስወጣ እርከኑ ላይ ቆመው ስሜን ጠሩኝ። ሸለቆው ሁሉ ይሰማል ያለው እውነት ነው።

አርባ ምንጭ ገብቻለሁ። የብርድ ልብሱን ጨንቻ አድርሻለሁ፣ ሸማ ሠሪ፣ አባትህ "ባዶ እጅህን አትሄድም" ብለው ቆጮና ቅቤ ጭነውብኛል። ከነገ ወዲያ በሶዶ ወደ ጅማ እወጣለሁ፣ የቦንጋው ልጅ ቡና ለቀማ ላይ እየጠበቀኝ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማዬ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። በቀን አንዴ አስነፋዋለሁ። እንዲህ ልሂድ ወይስ ላስፈታው?

ጎሚስታው | ኅዳር 21፣ ማታ 4፡00

አስፈታው። ምስማር ነው ወይም ባልቦላው (የነፋስ መግቢያው) ነው። አርባ ምንጭ እያለህ ነገ ጠዋት አሠራው።

መሪ_ጨባጭ | ኅዳር 21፣ ማታ 4፡25

ልጄ፣ ሴት ልጄ ስታነብልኝ ድምጿ ተቋረጠ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያስጀመርኳት።

ጎማውን ነገ አሠራ። ሶዶ ስትደርስ ቤንዚን ሙላ፣ በግማሽ አትውጣ። ከሶዶ ወደ ተርጫ ኦሞን ለመሻገር ትወርዳለህ፣ ከዚያ ትወጣለህ። ረጅም ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ጅማ ስትገባ ጻፍልን።